ደንስ ሪቨርን ከባሕር ዳር እስከ አናቱ፦ የጃማይካውን ፏፏቴ ለመውጣት ዝርዝር መመሪያ

ጢስ ዓባይ የሄደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ፏፏቴውን ፊት ለፊት ቆሞ ያያል፣ ጭጋጉ ፊቱን ያረጥበዋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ጃማይካ ያለው ደንስ ሪቨር ግን በእይታ ብቻ አያልቅም። እዚህ ፏፏቴው ውስጥ ይገባል። ከባሕሩ ዳር ትነሱና ውሃው ደረታችሁን እየመታ በድንጋዩ ላይ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። ልጅም ሽማግሌም ሲወጣ ታያላችሁ፤ የተራራ መውጣት ልምድ አይጠይቅም።

ቦታው ግን በጣም ዝነኛ ስለሆነ ይጨናነቃል። አንዱ ሄዶ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቦታ አላየሁም» ብሎ ይመለሳል። ሌላው በዚያው ሳምንት ሄዶ «ሰልፍ ብቻ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው የደረሱበት ቀንና ሰዓት ነው። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ጠዋት በሩ ሲከፈት ድረሱ፣ ከተቻለም መርከብ በማይመጣበት ቀን። የቀረው ሁሉ ይህን ለማሳካት ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው

ደንስ ሪቨር የሚገኘው በጃማይካ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ሴንት አን በሚባለው አውራጃ ነው። ኦቾ ሪዮስ ከምትባለው የቱሪስት ከተማ ወደ ምዕራብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአገሬው ሰው ከተማዋን «ኦቺ» ነው የሚላት። ፏፏቴው 55 ሜትር ያህል ከፍታና 180 ሜትር ያህል ርዝመት አለው። እንደ ጢስ ዓባይ ከገደል ተወርውሮ አይወድቅም። ደረጃ በደረጃ፣ ከአንዱ የድንጋይ ገንዳ ወደ ሌላው እየፈሰሰ ይወርድና በቀጥታ ባሕሩ ውስጥ ይገባል።

ደረጃውን ማንም ሰው አልጠረበውም። ውሃው ከኖራ ድንጋይ ሥር ከምንጭ ሲወጣ የሟሟ ኖራ ይዞ ነው። ድንጋይ ላይ እየተፈጠፈጠ ሲወርድ በውስጡ ያለው ጋዝ ያመልጣል፣ ኖራውም በድንጋዩ ላይ ይጋገራል። ቤት ውስጥ ብዙ ዘመን ውሃ የፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዝ የለ? ነገሩ ያው ነው፤ እዚህ ግን ቅርፊቱ ሰው የሚቆምበት ደረጃ ሆኗል። ሥራውም አላቆመም። ውሃው ዛሬም ድንጋዩን እየገነባው ነው። ይህን ማወቅ ስትወጡ ይጠቅማችኋል፤ ለምን እንደሆነ ስለ አወጣጡ ስናወራ ታዩታላችሁ።

አካባቢው የታሪክም ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1657 እንግሊዞችና ከኩባ የመጡ የስፔን ወታደሮች ደሴቲቱን ለመያዝ እዚሁ አቅራቢያ ተዋግተዋል። ዛሬ ፓርኩ የጃማይካ መንግሥት ንብረት ነው።

ቀኑን መምረጥ

ሁለት ነገር ማየት አለባችሁ፦ ሰማዩንና ወደቡን።

ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ደረቅና ምቹ ጊዜ ነው። ቱሪስት የሚበዛውም፣ ሆቴል የሚወደደውም ያኔ ነው። ዝናብ የሚበረታው በሜይና ጁን፣ ከዚያም ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። የሃሪኬን (ከውቅያኖስ የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ወቅት የሚባለው ከጁን መጀመሪያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦክቶበር መጨረሻ ሜሊሳ የተባለው ሃሪኬን ጃማይካን ክፉኛ መቷታል፤ የባሰ የተጎዳው የደሴቲቱ ምዕራባዊ ክፍል ነው። በዚያ ወቅት የምትሄዱ ከሆነ የሚሰረዝና ገንዘቡ የሚመለስ ትኬትና ሆቴል ያዙ።

ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው ይደፈርሳል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። ያኔ መውጣቱን ይከለክላሉ። ከዝናብ ማግስት የምትሄዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ሆቴላችሁ ደውሎ ይጠይቅላችሁ። «እስቲ ሄደን እንየው» ብሎ ሁለት ሰዓት መንዳት አያዋጣም።

አሁን ወደ ወደቡ። ኦቾ ሪዮስ ግዙፍ የሽርሽር መርከቦች የሚቆሙባት ከተማ ናት። አንድ መርከብ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያወርዳል፣ ከዚያ ውስጥ ብዙው በአውቶቡስ ተጭኖ በቀጥታ ወደ ደንስ ሪቨር ይመጣል። በዚያ ላይ ፋልማውዝና ሞንቴጎ ቤይ የቆሙ መርከቦችም ሰው ይልካሉ። ደስ የሚለው ነገር፣ መርከቦቹ የሚመጡበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። የኦቾ ሪዮስን የመርከብ መርሐ ግብር ኢንተርኔት ላይ ፈልጉና ባዶ ቀን ምረጡ። ባዶ ቀን ከሌለ አንድ መርከብ ብቻ ያለበትን ምረጡ። ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም በበዓል ቀን ደግሞ ጃማይካውያን ራሳቸው ከነቤተሰባቸው ይመጣሉ። ይህኛው ግርግር ግን ሞቅ ያለ ነው፣ እኔ አልጠላውም።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ፓርኩ በአብዛኛው የሚከፈተው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን የሚዘጋው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። መርከብ በሚኖርበት ቀን ቀደም ብሎ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይከፈታል። አውቶቡሶቹ በብዛት የሚደርሱት ረፋድ ላይ ነው። እናንተ በር ሲከፈት ከደረሳችሁ እነሱ ሲጀምሩ ትጨርሳላችሁ። ጠዋት ካልሆነላችሁ ከሰዓት በኋላ፣ 8 ሰዓት ገደማ ሂዱ፤ የመርከቡ ሰው ያኔ ወደ ወደቡ መመለስ ይጀምራል። ከ4 እስከ 7 ሰዓት ያለውን ግን ሽሹት።

ደሴቲቱ ላይ መድረስ

ቪዛው በያዛችሁት ፓስፖርት ይወሰናል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ፣ ግሪን ካርድ ቢኖራችሁም እንኳ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የጃማይካን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጠይቁ። በመርከብ ከሆነ ደግሞ የመርከብ ኩባንያውን በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። ሲ ፋይቭ የሚባለውን የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ቅጽ ከጉዞ በፊት ኦንላይን መሙላት ይቻላል። ነጻ ነው። ክፍያ የሚጠይቃችሁ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ውጡበት፣ የመንግሥቱ አይደለም።

በአውሮፕላን የምትመጡ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ሞንቴጎ ቤይ ካለው ሳንግስተር ኤርፖርት ወደ ኦቾ ሪዮስ በባሕሩ ዳር መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከኪንግስተን የምትመጡ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ተራራውን አቋርጦ የሚያልፍ የክፍያ መንገድ አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሁለቱም በኩል ናትስፈርድ ኤክስፕረስ የሚባል ኤሲ ያለው፣ ሰዓት የሚያከብር አውቶቡስ ይሠራል። ለብቻ ወይም ለሁለት ለሚሄድ ሰው ከታክሲ በጣም ይረክሳል። መኪና ተከራይታችሁ የምትነዱ ከሆነ ግን አስቡበት። ጃማይካ የሚነዳው በግራ በኩል ነው።

ከኦቾ ሪዮስ ከተማ እስከ ፏፏቴው በመኪና አሥር ደቂቃ አይሞላም። ኮንትራት ታክሲ መያዝ ይቻላል። ወይም በመስመር ታክሲ መሄድ ነው፤ እንደኛ አገር ሰው እየሞላ የሚሄድ፣ ቀይ ታርጋ ያለው መኪና ነው። ቀይ ታርጋ የሌለው መኪና ውስጥ አትግቡ። ኮንትራት ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ። ባለታክሲው «ዶላር» ሲል የትኛውን ዶላር እንደሆነ ጠይቁ። የጃማይካም ዶላር አለ፣ የአሜሪካም ዶላር ይሠራል፤ ልዩነታቸው ደግሞ የትየለሌ ነው።

በመርከብ ለምትመጡ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጃማይካ ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትለዋውጥም፣ ፍሎሪዳ ግን ትለዋውጣለች። ስለዚህ በአሜሪካ የበጋ ወራት መርከቡ በሚያሚ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ከደሴቲቱ ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀድማል። ስልካችሁ ደግሞ የጃማይካን ኔትወርክ ሲያገኝ በራሱ ይቀየራል። መርከብ ያመለጣቸው ሰዎች አንዱ ምክንያታቸው ይሄ ነው። ከመውረዳችሁ በፊት የመርከቡን ሰዓት አረጋግጡና የእጅ ሰዓታችሁን በሱ ሙሉ። የመርከቡን ጉብኝት ሳይሆን የራሳችሁን ታክሲ ከያዛችሁ፣ ከተባለው የመመለሻ ሰዓት ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል አስቀድማችሁ ወደ ወደቡ ተመለሱ። በመርከቡ ጉብኝት የሄደን ሰው መርከቡ ይጠብቀዋል። በራሱ የሄደን አይጠብቅም።

ምን ይዘን እንሂድ

ከሁሉም በላይ ጫማ። ሶሉ ጎማ የሆነ፣ እግር ላይ ጥብቅ የሚል የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። ነጠላ ጫማ አይሆንም፤ የመጀመሪያው ገንዳ ላይ ውሃው ይወስደዋል። ባዶ እግርም አይሆንም። በሩ አካባቢ የሚያከራዩና የሚሸጡ አሉ፣ ግን የሚከራየው በብዙ ሰው እግር ያለቀ ሊሆን ይችላል፤ ሶሉ ልሙጥ ከሆነ ምንም አይጠቅማችሁም። ከምትኖሩበት አገር ገዝታችሁ ኑ። ቤት ውስጥ ልበሱትና እርጥብ ወለል ላይ ሞክሩት።

ልብስን በተመለከተ፣ የዋና ልብስ ላይ ቶሎ የሚደርቅ ቲሸርትና ቁምጣ ደርባችሁ ብትለብሱ ጥሩ ነው። ድንጋዩ ጉልበትና ጭን ይቧጭራል፣ ውሃውም ከምትጠብቁት በላይ ቀዝቃዛ ነው። ሙሉ ሰውነታቸውን ሸፍነው የሚወጡ ሴቶችም አሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ጂንስ ግን አትልበሱ፣ ውሃ ሲጠጣ ከባድ ነው። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ሱሪ ወይም ኮፍያ ደግሞ ጨርሶ ወደ ጃማይካ ይዛችሁ አትሂዱ። ለሲቪል ሰው በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቱሪስት ነኝ ማለት አያድንም።

ወርቅ፣ የእጅ ሰዓት፣ የጆሮ ጌጥ ሆቴል ይቅር። መነጽር የምታደርጉ ከኋላ የሚያስር ገመድ አድርጉበት። ሴቶች ጸጉራችሁን ተሠርታችሁ ብትሄዱ በጣም ይቀላል፤ ሹሩባ ለዚህ ቀን የተፈጠረ ነው። ስልክ ለመያዝ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ውሃ የማያስገባ ማቀፊያ ግዙ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም ውስጡ ወረቀት ከታችሁ ባልዲ ውስጥ ሞክሩት። የፀሐይ ክሬም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስቀድማችሁ ሆቴል ተቀቡ። በሩ ላይ የተቀባችሁት ክሬም ወዲያው ታጥቦ ወንዙ ውስጥ ይገባል።

ከዚህ ሌላ ፎጣ፣ ቅያሪ ልብስ፣ እርጥብ ልብስ የምትከቱበት ፌስታል፣ የሚጠጣ ውሃና ዝርዝር ገንዘብ ያዙ። አንድና አምስት የአሜሪካ ዶላር ኖቶች በዚህ አገር ብዙ ሥራ ይሠራሉ።

በሩ ላይ

የመግቢያ ዋጋው በቅርብ ዓመታት ለውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ ከ20 እስከ 25 የአሜሪካ ዶላር ውስጥ ሲሆን ልጆች ያነሰ ይከፍላሉ። ኦንላይን መግዛትም ይቻላል፣ መርከብ ባለበት ቀን ሰልፍ ይቀንስላችኋል። ፏፏቴውን ይዞ የሚወጣው አስጎብኚ የፓርኩ ነው፣ ለብቻው የሚከፈል ዋጋ የለውም፤ ቲፕ ግን ይጠብቃል። ከበሩ ውጭ «እኔ አስጎብኚ ነኝ፣ ቅድሚያ ክፈለኝ» የሚል ካለ አልፋችሁት ግቡ።

ውስጥ ሎከር አለ፣ ልብስ መቀየሪያና ሽንት ቤትም አለ። ሽንት ቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሂዱ፤ አንዴ ውሃው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ መመለስ አይመችም። ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሱ ሠራተኞች ከቡድኑ ጋር አብረው ይወጣሉ፣ መጨረሻ ላይም ሊሸጡላችሁ ይመጣሉ። የማትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያውኑ በትሕትና ንገሯቸው። ከፈለጋችሁ ደግሞ ዋጋውን ከመጀመሪያው ጠይቁ።

አሁን እንውጣ

ከበሩ በኋላ ከፏፏቴው ጎን ባለው ደረጃ ወደ ታች፣ እስከ ባሕሩ ዳር ትወርዳላችሁ። መውጣቱ የሚጀምረው ከአሸዋው ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ቁሙና ወደ ላይ እዩ። ሰዎቹ በየት በኩል እየወጡ እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚቆሙ፣ የት ላይ እንደሚቸገሩ ይታያችኋል። ባሕሩ ሞቃት ነው፣ ወንዙ ቀዝቃዛ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ እግራችሁን ብትከቱ በአንድ እግር ሙቀት፣ በሌላው ቅዝቃዜ ይሰማችኋል።

አስጎብኚው ቡድኑን ይሰበስብና እጅ ለእጅ ያያይዛል። ሰንሰለቱ በየፎቶው የምታዩት ነው። ሰው በሰው እየተደጋገፈ ይወጣል፣ አስጎብኚውም ከፊት ሆኖ መንገዱን ያሳያል፣ ይጮኻል፣ ያስጨበጭባል፣ ያዘፍናል። ለብዙ ሰው ደስ የሚለው ክፍል ይህ ነው። ግን ሰንሰለቱ ችግርም አለው። አንዱ ሲንሸራተት ጎረቤቱን ይዞ ይወርዳል፤ እጅ የያዘ ሰው ደግሞ ድንጋይ መያዝ አይችልም። የኔ ምክር ይሄ ነው፦ ሜዳ በሆነው ገንዳ ላይ እጅ ያዙ፣ ቀጥ ያለውን ድንጋይ ስትወጡ ልቀቁና በሁለት እጃችሁ ድንጋዩን ያዙ። ለአስጎብኚው አስቀድማችሁ «ቀስ ብለን ነው የምንወጣው» በሉት። ጠዋት ከሆነና ሰው ካልበዛ ለቤተሰባችሁ ብቻ አንድ አስጎብኚ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ ያኔ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል።

የእግር አረጋገጣችሁ ላይ ላተኩር፣ ምክንያቱም ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነው። ቅድም ውሃው ኖራ እየጋገረ ድንጋዩን ይገነባዋል ብያለሁ። ውሃ በኃይል የሚሄድበት ድንጋይ ስለዚህ ሻካራ ነው፣ እግር ይይዛል። ለማመን ይከብዳል እንጂ ነጭ አረፋ የሚወርድበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከዳር ካለው ድንጋይ ይሻላል። የሚያንሸራትተው ውሃ ቀስ ብሎ የሚነካው፣ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር የያዘው ነው። ሰው ግን ውሃውን ፈርቶ ወደ ዳር ይሸሻል፣ እዚያም ይወድቃል። ከመርገጣችሁ በፊት በእግራችሁ ዳብሱ። ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ሰውነታችሁን ወደ ድንጋዩ ዘንበል አድርጉ። ሁልጊዜ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ድንጋይ ይንኩ፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀስ።

ገንዳዎቹ ውስጥ ውሃው በአብዛኛው ከጉልበት እስከ ወገብ ነው። ስለዚህ ዋና አለመቻል አያግዳችሁም። ግን አረፋው የገንዳውን ወለል ይሸፍነዋል፣ ከሥሩ ድንገት ጠለቅ የሚል ጉድጓድ ይኖራል። አስጎብኚው በረገጠበት ብቻ ርገጡ። ዋና የማትችሉ መሆናችሁን ሳታፍሩ ንገሩት፤ በየትኛው በኩል እንደሚያሳልፋችሁ እሱ ያውቃል። ከአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መንሸራተት ይቻላል፤ እሱም አስጎብኚው «እዚህ ጋ» ባለበት ብቻ። በጭንቅላት መዝለል በፍጹም አይሞከርም።

ከግማሹ በኋላ ሰው ይደክመዋል። ይህን ጊዜ አትቸኩሉ። አንዱ ገንዳ ዳር ጀርባችሁን ለሚወርደው ውሃ ስጡና ተቀመጡ። ትከሻ ላይ ሲወርድ ከማንኛውም ማሳጅ ቤት ይበልጣል። ወደ ታች ስታዩ በዛፎቹ መሐል ባሕሩ ይታያል። በዚህ ቦታ አምስት ደቂቃ መቆየት የምትችሉት ከኋላችሁ ሌላ ቡድን ካልገፋችሁ ነው፤ ጠዋት ድረሱ ብዬ የምወተውተውም ለዚህ ነው።

ከታች እስከ ላይ አንድ ሰዓት፣ ሰው ከበዛ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከፏፏቴው ጎን የእንጨት መረማመጃ አብሮ ይወጣል፣ በየመሐሉም ከውሃው ወደሱ መውጫ አለ። የደከመው ወይም የፈራ ሰው እዚያ ጋ ይውጣ። አሳፋሪ አይደለም። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የወገብ ሕመም ያለበት፣ በቅርብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከመጀመሪያው በመረማመጃው ይሂድ። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነም እነሱ ከጎናችሁ በደረጃው እየወጡ ፎቶ ሊያነሷችሁ ይችላሉ፤ ከፏፏቴው የሚለያቸው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ደግሞ ሙሉውን ለመውጣት አትገፋፉ። ለነሱ የታችኛው ባሕር ዳርና የልጆች የውሃ መጫወቻ ይበቃቸዋል።

ላይ ስትደርሱ አስጎብኚውን አመስግኑና ቲፕ ስጡት። በሰው ከ5 እስከ 10 ዶላር ብትሰጡ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ሰው እጅ ይዞ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚቆም ሰው ነው።

መውጫው ላይ ያለው ገበያ

ከፓርኩ ስትወጡ መንገዱ በዕቃ ሻጮች መሐል ያልፋል። የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ፣ ቲሸርት፣ የአንገት ጌጥ። ለአንዳንድ ጎብኚ ከፏፏቴው በላይ የሚያስጨንቀው ይሄ ነው፤ ሻጮቹ በደንብ ይጎተጉታሉ። የታወቀ አካሄድ አላቸው። አንዱ ፈገግ ብሎ ስማችሁን ይጠይቃል። ስትነግሩት በያዘው እንጨት ላይ በቢላ ይቀርጸውና «ያንተ ነው፣ ክፈል» ይላል። መግዛት ካልፈለጋችሁ ስም አትንገሩ፣ ዕቃም በእጃችሁ አትቀበሉ። ፈገግ ብላችሁ «ኖ ታንክ ዩ» በሉና ሳትቆሙ ሂዱ። መግዛት ከፈለጋችሁ ግን ተከራከሩ፤ እኛ መርካቶ ያደግን ሰዎች ይሄ አይከብደንም። አትቆጡ፣ አታመናጭቁ። አብዛኛው ሰው የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ከዚያች ጠረጴዛ ነው።

እዚህ ገበያ ላይ ለእኛ ብቻ የተለየ ነገር ይገጥማል። ከቲሸርቱ መሐል አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ የይሁዳ አንበሳ፣ የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሎ ታያላችሁ። «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስትሉ የሻጩ ፊት የሚቀየርበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ራስተፈሪያን ከሆነ። ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም ኪንግስተን ሲደርሱ ሕዝቡ አውሮፕላኑን ከቦ ነበር የተቀበላቸው። ራስተፈሪያኖች ቀኑን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያከብሩታል። ለእኛ ጃንሆይ የታሪክ ሰው ናቸው፣ ስለሳቸው እንከራከራለን። ለነሱ ግን የእምነት ጉዳይ ናቸው። ስለዚህ እዚያ ቆሞ ስለ ዘመናቸው መከራከር ወይም መሳቅ ነውር ነው። ሰውየው ሊጠይቃችሁ የሚፈልገው ብዙ ነገር አለው፤ ስለ ሻሸመኔ፣ ስለ ላሊበላ፣ ስለ አክሱም። ጊዜ ካላችሁ ቆማችሁ አውሩት።

ማሪዋና የሚያቀርብላችሁም ሰው ይኖራል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ሕጉ ላልቷል፣ በትንሽ መጠን የተገኘበት ሰው ይቀጣል እንጂ አይታሰርም። ይዞ አውሮፕላን ወይም መርከብ ላይ መውጣት ግን ከባድ ወንጀል ነው። አልፈልግም በሉና እለፉ።

ከውሃው በኋላ

ይርባችኋል። ጀርክ የሚባለው በቅመምና በቃሪያ ተለውሶ በፒሜንቶ እንጨት ጭስ የሚጠበስ ዶሮ ለእኛ ምላስ አይከብድም፣ እንዲያውም ይመቻል። አሳማውም በዚሁ መንገድ ስለሚሠራ የማትበሉ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ጾም ላይ ከሆናችሁ «አይታል» የሚባለውን የራስተፈሪያን ምግብ ፈልጉ። ሥጋ የለበትም፣ ወተትና ቅቤም የለበትም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ አትክልትና ባቄላ ነው። ጨው ያንሰው ይሆናል።

ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ሴንት አን ውስጥ ሌላ የሚታይ አለ። በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ምዕራብ ጥቂት ስትሄዱ ሴንት አንስ ቤይ ትደርሳላችሁ፤ የጥቁር ሕዝቦች ንቅናቄ መሪ የነበረው ማርከስ ጋርቬይ እ.ኤ.አ. በ1887 የተወለደባት ከተማ ናት፣ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል። ወደ ተራራው ወጣ ካላችሁ ደግሞ ቦብ ማርሊ የተወለደበትና የተቀበረበት ናይን ማይል አለ። ቦብ ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ኖቬምበር፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ ተጠምቋል። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ ከፏፏቴው ጋር በአንድ ቀን ለማድረግ ጠዋት መነሳት ግድ ነው። በመርከብ የመጣ ሰው ሁለቱን ባይሞክር ይሻላል።

ፏፏቴው ተዘግቶ ወይም ተጨናንቆ ካገኛችሁት

በሩ ላይ ደርሳችሁ አውቶቡስ ተደርድሮ ካያችሁ ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንዱ ባሕሩ ዳር ወይም ከተማው ውስጥ ቆይቶ ከ8 ሰዓት በኋላ መመለስ ነው። ሌላው ከኦቾ ሪዮስ ወደ ተራራው ገባ ብሎ ወዳለው ብሉ ሆል መሄድ ነው። ሰማያዊ ጥልቅ ገንዳዎች ያሉት ወንዝ ነው፣ በገመድ ተወርውሮ መዝለል ለሚወዱ ይሆናል፤ ዋና ለማይችል ግን ከደንስ ሪቨር ይከብዳል። ምሥራቁን የደሴቲቱን ክፍል የምታዩ ከሆነ ደግሞ ፖርትላንድ ውስጥ ሪች ፎልስ አለ። ሩቅ ስለሆነ የመርከብ ሰው እምብዛም አይደርስበትም።

የተዘጋው በዝናብ ከሆነ ግን ብሉ ሆልም ሪች ፎልስም ያው ዝናብ ነው የሚዘንብባቸው። ያን ቀን ውሃ ውስጥ አትግቡ። ሴንት አንስ ቤይን ወይም ናይን ማይልን እዩና ውሃው እስኪጠራ ጠብቁ። ለዚህም ነው ፏፏቴውን የቆይታችሁ የመጨረሻ ቀን ላይ አታድርጉት የምለው፤ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቀን ላይ ያዙት፣ ዛሬ ቢዘጋ ነገ ይኖራችኋል።